ከአንገት በታች

ለውጡ ከመምጣቱ በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው በስተጀርባ ባለው አሮጌ የእህል መጋዘን፣ የአጥንት ቤተ መዘክሩ ሁለት ክፍሎች ነበሩት። የቀኙ ክፍል ጠባብ ነው። መብራቱ ሁልጊዜ ይበራል፤ መደርደሪያዎቹ በመስተዋት የተሸፈኑ ናቸው፤ በውስጣቸው የሳላማንደር ራስ ቅሎች በትንንሽ ሣጥኖች ጥጥ ላይ ተኝተዋል። የግራው ክፍል ከቀኙ ብዙ እጥፍ ይሰፋል፤ መብራቱ የሚበራው ዘበኛው ድመቷን ሲፈልግ ብቻ ነው። የእነዚያው እንስሳት ከአንገት በታች ያለው አጥንት እዚያ በእንጨት ሣጥኖች ታሽጎ እስከ ጣራው ተደርድሯል።

ሳላማንደር በአገራችን የለም። እንሽላሊት የሚመስል፣ ቆዳው ግን እንደ እንቁራሪት እርጥብ የሆነ ፍጥረት ነው። አጥንቶቹ ኮምቦልቻ የደረሱት፣ ባሕር ማዶ ያሉት ትልልቅ ቤተ መዘክሮች ያላቸውን ሁሉ በማሽን አንብበው ከጨረሱ በኋላ ዕቃውን ማስቀመጥ ስላልፈለጉ ነው። ምስሉ ካለ አጥንቱ ምን ያደርጋል አሉ። ኮምቦልቻ ባዶ መጋዘን ነበራትና ተቀበለች። አጥንቶቹን የምትጠብቀው ዶክተር ዘሃራ ይመር ነበረች፤ የሥራ ዘመኗን በሙሉ በመለኪያ መቆንጠጫና በማጉያ መነጽር ያሳለፈች፣ ያላየችውን የማትናገር ሴት።

ከመጋዘኑ ውጭ፣ ሰው ሁሉ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ራሱን ቀለበት ውስጥ ያስገባ ነበር። ቀለበቱ በአውቶቡስ መሳፈሪያው፣ በዳቦ ቤቱ፣ በየፋብሪካው በር ቆሟል። እንደ ሰውየው ቁመት ይወርድለታል፣ ራስ ቅሉን ያነባል፣ አረንጓዴ ይበራል፣ ሰውየውም ያልፋል። ሻሽና ሂጃብ ማውለቅ አያስፈልግም። ቀለበቱ የሚፈልገው ራሱን አልነበረም፤ ከራስ ቅሉ ተነሥቶ ስለ ጀርባ ይናገራል። ደንቡ በየቀለበቱ ላይ ተጽፏል፦ «ጀርባ ራስን ይከተላል።» ቢጫ የበራበት ሰው ጀርባው ውስጥ ለውስጥ መጉበጥ ጀምሯል ማለት ነው፤ ሳይብስበት በፊት በአከርካሪው ላይ ብረት ይገባለታል። ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል፣ ክፍያም የለውም። ሐኪሞች ጀርባን ማየት ካቆሙ ቆይተዋል። የጀርባን ምስል የሚያነሡት ማሽኖች ተነቅለው በቦታቸው የተራ መጠበቂያ ወንበር ገብቷል።

ከተማዋ ብረት ለገባላቸው ሰዎች ተስተካክላ ነበር። ጫማ ማሰሪያ ከገበያ ጠፍቷል። መጥረጊያ ረጅም እጀታ አውጥቷል። በመስጊዱ የኋለኛው ረድፍ የእነሱ ነው፤ ሌላው በሱጁድ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ሲያሳርፍ እነሱ ከፊታቸው በቆመ ሰሌዳ ላይ ያሳርፋሉ። በቤተ ክርስቲያንም ስግደት በዓይን ሽፋን ሆኗል፤ ሽፋኑ ሲወርድ ተሰግዷል፣ ሲነሣ ተቁሟል። ሽማግሌ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣት ቀርቶ፣ ለአፍታ ዓይንን ጨፍኖ መክፈት የአክብሮት ሰላምታ ሆኖ ነበር። ብረት የሌለባቸውም ያለባቸውን ላለማሳፈር ሲሉ ይጨፍናሉ። ልጆች ሌላ ሰላምታ አያውቁም።

የዘሃራ ልጅ፣ ኑርዬ፣ ቢጫ የበራበት በዳቦ ቤቱ ቀለበት ነው። ኑርዬ ግንበኛ ነበር፤ ቦርከና ወንዝ በየክረምቱ የሚንደውን ዳር በድንጋይ የሚክቡት ሰዎች አለቃ። ድንጋይ የሚክብ ሰው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ይላል። ብረት የገባለት ግንበኛ ደግሞ የለም። የደረሰው ጥሪ ከአረፋ በዓል በኋላ ባለው ሳምንት ብረት ለማስገባት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ እስከዚያው ከሥራ ታግዷል።

ለእናቱ የነገራት እየሳቀ ነበር። «እማዬ፣ እንደ ቤቶን ሊያደርጉኝ ነው። ብረት ገብቶበት የሚጸና ነገር ስሠራ ኖሬ ተራው የኔ ሆነ።»

ዘሃራ አልሳቀችም። ሸሚዙን እንዲያወልቅ ነገረችው። ከአንገቱ ጀምራ በአውራ ጣቷ አጥንት በአጥንት እየዳሰሰች እስከ ወገቡ ወረደች፤ ከዚያ እንዲያጎነብስ አዘዘችውና ከኋላው ቆማ ሁለቱ ትከሻዎቹ እኩል መውረዳቸውን አየች። አንድም ጠማማ ነገር አላገኘችም። ይህ ግን ማስረጃ አልነበረም። መጉበጡ በዓይን አይታይም፣ ያለው በውስጥ ነው ይላል ጥሪው፤ ውስጡን የሚያሳይ ማሽን ደግሞ በከተማው የለም። ስለዚህ ኑርዬን ትታ ደንቡን ለመመርመር ወሰነች።

ደንቡ ከየት እንደመጣ ታውቃለች። መሠረቱ እሷው የምትጠብቃቸው አጥንቶች ናቸው። ባሕር ማዶ ሳሉ ማሽን አንብቧቸው፣ በሳላማንደር ዘር ሁሉ ውስጥ ራስ ቅልና አከርካሪ በሚሊዮን ዓመታት አብረው እንደተለወጡ ተገኝቶ ነበር፤ ራሱ የሰፋው አከርካሪውም ሰፍቷል፣ ራሱ የጠበበው አከርካሪውም ጠቧል። ጥናቱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ሌሎች ሰዎች በኋላ ያንን ወስደው በሰው ላይ አዋሉት። ዘሃራ ጥናቱን ብዙ ጊዜ አንብባዋለች፤ ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። አሁን ማየት የፈለገችው ቁጥሮቹ የተወሰዱበትን አጥንት ነው። መብራቱን አብርታ ወደ ግራው ክፍል ገባች።

የመጀመሪያውን ሣጥን ልትከፍት ስትል እጇን የያዛት ማኅተሙ ነው። ሣጥኑ በሽቦ ታስሮ ሽቦው በቆርቆሮ ታትሟል፤ ቆርቆሮው ላይ አጥንቱን በመጀመሪያ የሰበሰቡት ሰዎች ምልክት አለ። ከማሽን ዘመን በፊት የተደረገ ማኅተም ነው። አልተነካም። ሁለተኛውንም አየች፣ ሦስተኛውንም። መሰላል አምጥታ እስከ ጣራው ወጣች። በክፍሉ ውስጥ የተቆረጠ ሽቦ አልነበረም።

መሰላሉ ላይ ቆማ አሰበች። እነዚህ ሣጥኖች ካልተከፈቱ ማሽኑ ያነበበው የማንን አከርካሪ ነው?

ወደ ቀኙ ክፍል ተመልሳ አንድ የራስ ሣጥን አወጣች። ራስ ቅሉ ጥጡ ላይ ተኝቷል፤ ከኋላው፣ እንደ ሁልጊዜው፣ አንዲት ትንሽ አጥንት አለች። የአንገት አጥንት ናት። ሳላማንደር አንገቱ ላይ ያለው አጥንት አንድ ብቻ ነው፤ ከራስ ቅሉ ጋር በሁለት ጎድጓዳዎች ስለሚገጥም ሥጋው ሲገፈፍ ከራሱ ጋር ይወጣል። አጥንት የሚያዘጋጁ ሰዎች ከድሮ ጀምሮ ከራሱ አይለዩትም፤ የራስ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል፣ የቀረውን ገላ ለብቻው ያሽጋሉ። በሙያው ያለ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለሚያውቅም ማንም ለማሽኑ ሊነግረው አላሰበም። ሰዎቹ ጊዜ ሲያጥራቸው የራስ ሣጥኖቹን ብቻ ለማሽኑ ሰጡት። ማሽኑም በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ አንድ ራስና አንድ የአከርካሪ አጥንት አገኘ፤ ያቺን አንዲት አጥንት አከርካሪ ብሎ መዘገበ። የሰው ራስ ምስል በሆስፒታል ሲነሣም የመጀመሪያዋ የአንገት አጥንት አብራ ትነሣለች፤ ደንቡ በሰው ላይ ሲሞከር የተረጋገጠውም በእሷው ብቻ ነበር።

ኑርዬ ሥራ ፈት ስለነበር ሣጥን አውራጅ ሆነ። ሽቦውን በግንበኛ ጉጠት ይቆርጣል፣ እሷ ትለካለች። ሳምንታት ወሰደባቸው። ያገኘችው ነገር ግልጽ ነበር። የአንገቷ አጥንት በእውነት ራስን ትከተላለች፤ የሚቀጥለው አጥንት በጥቂቱ ይከተላል፤ ከዚያ በታች ያለው ግን ራሱን አያውቀውም። ውኃ ውስጥ የኖረው፣ ዛፍ ላይ የወጣው፣ አፈር ውስጥ የገባው፣ እያንዳንዱ ጀርባውን እንደ ኑሮው ሠርቶታል። ራሳቸው መንታ የሚመስል ሁለት እንስሳት፣ አንዱ እንደ ገመድ ረጅም፣ ሌላው አጭር ሆነው ከሣጥን ወጡ።

አረፋ ሲቃረብ ሁለት ሣጥን በዘንቢል ይዛ ወደ ዶክተር ወንዳፍራሽ ገብረሕይወት ሄደች። ወንዳፍራሽ ቀለበቶቹን የሚያስተዳድረው የከተማው የቅድመ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው። ከዚያ በፊት እሷ ሥር በቤተ መዘክሩ ሠርቷል፤ ጥሩ እጅ ነበረው። ቀለበቱ ሲተከል ቢጫ ከበራባቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ እሱ ነበር፤ ለሌላው አርአያ ልሁን ብሎ በፈቃዱ ቀድሞ ብረት አስገባ። አሁን ሰው ለማየት መላ ገላውን ያዞራል። ጠረጴዛው እስከ ደረቱ ከፍ ብሎ ተሠርቶለታል።

ስትገባ ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። «እትዬ ዘሃራ፣ ይቀመጡ እንጂ» አላት።

«አንተ ስትቀመጥ እቀመጣለሁ።»

«ለእኔ መቀመጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ይተዉኝ።»

የራሱን ሣጥን ከፈተችለት። ከዚያ የገላውን። ወንዳፍራሽ ራስ ቅሉን ሊያነሣ የዘረጋው እጅ ትንሿ አጥንት አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«የገላው ሣጥኖች ሁሉ ታሽገው ነው የቆዩት?» አለ።

«ሁሉም። ማኅተሙን የቆረጥነው እኔና ልጄ ነን።»

«ልጅዎ ስለተጠራ ነው።»

«ልጄ ስለተጠራ ነው የከፈትኩት። የወጣው ግን የሳላማንደር አጥንት ነው፤ ሳላማንደር ዘመዴ አይደለም።»

ወንዳፍራሽ ሊስቅ ሲል ተወው። ከዚያ ብዙ ተናገረ፣ ድምፁን ሳያነሣ። በዚህ ደንብ ብረት የገባለት ሰው ከተማውን እንደሞላ፤ ከመጉበጥ ዳንኩ ብሎ በየበዓሉ በግ የሚያመጣለት እንዳለ፤ ነገ ወጥቶ ለእነዚህ ሰዎች የሚለው ነገር እንደሌለ። ዘሃራ እስኪጨርስ ጠበቀችና የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ነገረችው፤ ብረት ከመግባቱ በፊት የእያንዳንዱ ሰው ጀርባ ይታይ። ማሽኑ የለም አላት። ይመለስ አለችው።

«ብረቱ አንዴ ከገባ አይወጣም፣ እትዬ ዘሃራ» አለ ቀስ ብሎ።

ስለ ከተማው ሰው እያወራ እንዳልሆነ ገባት። ሣጥኖቿን ከድና ወደ ዘንቢሏ መለሰች። በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ ድምፁ ተለወጠ። የኑርዬ ቀጠሮ እንዳለ ነው አላት፤ አጥንቶቹም ከመጋዘኑ እንዳይወጡ፣ ይህ ትእዛዝ ነው።

«ሰማሁ» አለችው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዘሃራና ኑርዬ ሁለት ጠረጴዛ አውጥተው አውቶቡስ መሳፈሪያው ላይ፣ ቀለበቱ ፊት ለፊት ዘረጉ። በአንዱ ላይ ራሶች ተደረደሩ፤ ከፊታቸው የአንገት አጥንቶቹ ተለይተው በሳሕን ተቀመጡ። በሌላው ላይ ከአንገት በታች ያለው ገላ፣ እያንዳንዱ በሰሌዳ ላይ ተያይዞ። ዘሃራ ንግግር አላደረገችም። ቀለበቱ ዘንድ ተራ የያዘውን ሰው፣ እስኪደርስህ ራስና ገላ አገናኝልኝ ትላለች።

መጀመሪያ የተጠጋው የሚኒባስ ረዳት ነው። «እኔ የሰው ራስ አይቼ የት እንደሚወርድ አውቃለሁ» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። የአንገት አጥንቶቹን ወዲያው አገኛቸው፤ እያንዳንዷ ከራሷ ቅል ጋር ሁለቱን ጎድጓዳ ገጥማ ቁጭ አለች። ሰውም አጨበጨበለት። ገላው ላይ ሲደርስ ትልቁን ራስ ለትልቁ ገላ ሰጠው። ተሳሳተ። ለሚቀጥለው ሰጠው። ተሳሳተ። ቆሎ የምትሸጥ ሴት ከጎኑ ሆና፣ ወንድሜ ተሳፋሪውን ሁሉ ቤቱ ሳይደርስ ሐርቡ ከተማ አወረድከው እኮ አለችው። እሷም ሞከረች፤ ሳቋን ይዛ ተመለሰች። አንድ መምህር መጥቶ ለረጅም ጊዜ ሲያመዛዝን ቆየ፤ በእሱ ላይ ሻይ የተወራረዱ ሰዎች ሻዩን ከፈሉ። ጸሐይዋ ከፍ እስክትል ድረስ የአንገቷን አጥንት ያላገኘ ሰው አልነበረም፤ ገላውን በዕድል ካልሆነ ያገኘ አልነበረም። ቀለበቱ ባዶውን አረንጓዴ እያበራ ቆመ፤ ተራው ጠረጴዛው ጋ ነበር።

የረጅም መንገድ ሾፌር የሆነ ጎልማሳ ሰው ራስ ቅሉን በእጁ እያገላበጠ ጠየቃት። «እንግዲህ ቀለበቱ የሚያውቀው ይቺን የአንገት አጥንት ብቻ ነው?»

«እሷን በደንብ ያውቃታል።»

«ታዲያ የኔን ጀርባ ማን አይቶት ነው ብረት ይግባልህ የተባልኩት?»

«ማንም» አለች ዘሃራ።

ሳቁ ቆመ። ከሰዉ መካከል ብረት ያለባቸው ነበሩ፤ ሁሉም ላለማየት እየሞከረ ያያቸው ጀመር።

ዶክተር ወንዳፍራሽ ከሁለት ዘበኞች ጋር የደረሰው በዚያ ሰዓት ነው። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት፤ በልማዱም ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። ኑርዬ አልጨፈነም። ሸሚዙን አወለቀ። ከከረጢቱ ቱንቢውን አወጣ፤ ግንበኛ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያይበትን፣ ጫፉ ላይ እርሳስ የታሰረበትን ገመድ። ለሾፌሩ ሰጠውና ከማጅራቱ ላይ እንዲለቀው ነገረው። ገመዱ በጀርባው መካከል፣ በአከርካሪው መስመር ላይ ወርዶ ወገቡ ላይ ተንጠለጠለ። ሾፌሩ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ግድግዳ ቤቴ የለኝም አለ።

«የሚታየው ውጩ ነው፤ ጥሪው የሚናገረው ስለ ውስጡ ነው» አለ ወንዳፍራሽ።

«ልክ ነው ዶክተር» አለ ኑርዬ። «ውስጡን ክፈቱና እዩ፤ ካያችሁ በኋላ ጥሩኝ። ሳታዩ ግን አልመጣም።»

ይህን ብሎ እጅ ነሣ፤ አያቶቹ ያደርጉት በነበረው መንገድ፣ ከወገቡ ታጥፎ፣ ጣቶቹ አስፋልቱን እስኪነኩ። ክብር ይሁን ድፍረት ለመለየት ያስቸግር ነበር። ሾፌሩ ቱንቢውን በእጁ እንደያዘ አጎነበሰ። ቆሎ ሻጯ ቁናዋን አስቀምጣ አጎነበሰች። ረዳቱ፣ መምህሩ፣ ከሰልፉ ኋላ ምን እንደሆነ ያልሰሙት ሳይቀሩ፣ የሚታጠፍ ጀርባ ያለው ሁሉ ታጠፈ። ቀጥ ብለው የቀሩት ብረት ያለባቸው ብቻ ናቸው፤ ባጎነበሰው ሰው መካከል እዚህም እዚያም ቆመው ተያዩ። ወንዳፍራሽም ከእነሱ አንዱ ነበር። አንዲት ብረት ያለባት አሮጊት የሚያጎነብሰውን የልጅ ልጇን ጀርባ በመዳፏ ዳሰሰች።

ወንዳፍራሽ ዕቃው እንዲሰበሰብ አዘዘ። ዘሃራን ግን ቀጥታ አያት። «እንዳይወጡ ብዬ ነበር።»

«አዎ ብለሃል።»

ዘበኞቹ ሣጥኖቹን ሲያነሡ ከሳሕኑ አንዲት የአንገት አጥንት ወንዳፍራሽ እግር ሥር ወደቀች። ሊያነሣት አልቻለም። «እንዳትረግጧት» አለ። ዘሃራ አጎንብሳ አነሣችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። መዳፉን ሳይዘጋ ይዟት ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ባጭሩ ይህ ነው። ዘሃራ ከሥራ ተሰናበተች፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ተወሰደባት። ኑርዬ በቀጠሮው ሳምንት አልቀረበም። ቀለበቱ ቀይ አበራበት፤ አውቶቡስ፣ ዳቦና ደመወዝ ተከለከለ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ከቀለበቱ ውጭ ባለው መስኮት ዳቦ የያዘ ቅርጫት ማንጠልጠል ጀመረች፤ የሚጠይቃት ሲመጣ ለድመት ነው ትላለች። የድንጋይ ሥራ ጓደኞቹ አለቃቸው ያለ ደመወዝ ተቀምጦ ሙሉ መቀበል ያሳፍራል ብለው የራሳቸውን ያካፍሉት ነበር። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ቢጫ የበራበት ሰው ቦርከና ዳር መጥቶ ሸሚዙን ያወልቃል፤ ግንበኞቹ በቱንቢ ያዩታል። ሐኪም አይደለንም፣ ያየነውን ነው የምንልህ ይሉታል። ያዩለትን ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይሄድና ውስጡን ክፈቱልኝ ይላል። እስኪከፈትለት አልገባም ይላል። መጀመሪያ ጥቂቶች ነበሩ። ክረምቱ ሲገባ የብረት ክፍሉ ሠራተኞች ካርታ ሲጫወቱ መዋል ጀመሩ።

ደንቡ ተሳስቶ ነበር ያለ ሰው የለም። መስከረም ላይ አጭር ማስታወቂያ ወጣ፤ ከእንግዲህ ማንም ሰው ጀርባው በማሽን ሳይታይ ብረት አይገባለትም ይላል። የወንዳፍራሽ ፊርማ ነበረበት። አንድ ማሽን ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና መጣ፤ ያመጣው ያ ሾፌር ነው። ዘሃራ ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም፤ የታዩትን ጀርባዎች ውጤት እንድትለካ ግን ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ጠየቃት፤ ውጤቱ አደባባይ ላይ ይለጠፍ ብላ ተቀበለች። ቀድሞ የታየው ኑርዬ ነበር፤ ቀጥ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ በማግሥቱም ቦርከና ዳር ድንጋይ አነሣ።

ውጤቱ በዓመቱ ተለጠፈ። ቢጫ ከበራባቸውና ጀርባቸው ከታየው ሰዎች መካከል፣ ስለ አንገታቸው የመጀመሪያ አጥንት ቀለበቱ የተናገረው ከአሥር ሰው በዘጠኙ ላይ ትክክል ነበር፤ ስለ ቀረው ጀርባቸው የተናገረው ደግሞ ከአሥር በአምስቱ፤ ሳንቲም ወርውሮ የመገመት ያህል።